«ሰፊ» ላልቶ ይነበብልን

ለክቡር የልብስ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ እንደ ሸሚዝዎ ኮሌታ ቀጥ ያለ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ የቢሮዎ ወንበርም እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ የሚዞር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ኮሌታዎን ያነሳሁት በማላውቀው ገብቼ አይደለም፤ ኮሌታውን የሰፋችው እታለም ናት፣ ቁልፎቹን የተከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ላላ ብሎ ካገኙት ይቅር ይበሉኝ፤ የተከልኩት የክፍላችን መዘጋት በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ስለነበር፣ እጄ ሥራው ላይ ቢሆንም ልቤ አብሮት አልነበረም።

ስሜን ስለማያውቁት እዚህ ጽፌ አላደክምዎትም። በክፍል ሐ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ረድፍ መጨረሻ የምቀመጥ ቁልፍ ተካይ ነበርኩ፤ በክፍላችን የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ደግሞ ተጠባባቂ ነበርኩ፣ ማለትም ሌሎቹ ሲጫወቱ ውሃ የምይዝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ምላሴ ስለማያርፍ ይመስለኛል። ከዚህ በፊት ለእርስዎ ብቻ ጽፈን የደረሰብንን ከዚህ በታች ስለሚያዩት፣ ይህኛውን ብዙ ዓይን ቢያየው ይሻላል ብያለሁ። ቢሮዎ ቁጥር ስለሚወድም አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያ ላመሰግንዎ የምወደው ስለ አሳቢነትዎ ነው። ክፍል ሐ በወቅቱ ማብቂያ እንደሚዘጋ የሚናገረው ማስታወቂያ ገና ሙጫው ሳይደርቅ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ከሥሩ ሌላ ማስታወቂያ አስለጠፉልን፤ የፋብሪካው የምሥረታ ቀን ሲታሰብ ክፍሎች በመረብ ኳስ እንደሚወዳደሩ፣ ልብሳችንን የሚገዙ እንግዶችም እንደሚገኙ፣ እያንዳንዱ ቡድን ስሙ ደረቱ ላይ የተጠለፈበት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እንዲገባ፣ የሸሚዙንም የጥልፉንም ወጪ ቡድኑ ራሱ እንዲችል የሚል። ሊያሰናብቱት የወሰኑትን ሰው በቅድሚያ አዲስ ልብስ ግዛ ማለት ከሁሉም አለቃ የሚገኝ ደግነት አይደለም።

እኛ ውድድሩን ችላ ልንለው ነበር። ለምሳ ስንቀመጥ የሚበዛው ወሬ ማን ወዴት ይሄዳል፣ ማን የማንን ልጅ ይይዝላታል የሚል እንጂ ስለ ኳስ አልነበረም። ሐሳባችንን ያስለወጠችው እታለም ናት። እታለም የምንላት ከማናችንም በፊት እዚያ አዳራሽ የገባች የሁላችን ታላቅ እህት ስለሆነች ነው፤ ሥራዋ ኮሌታ ነው፣ በቡድኑ ውስጥ ደግሞ አምበል ናት፣ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ግን የምትዘለው በአፏ ብቻ ነው። እሷ ታዲያ ዕድሜ ልኳን የሰው ስም የሚለጠፍበት ልብስ ስትሰፋ እንደኖረች፣ ማን እንደሆነች የሚናገር አንድ ልብስ እንኳ ለብሳ እንደማታውቅ፣ ከመበተናችን በፊት አንዲት ቀን ስማችን ደረታችን ላይ ቢውል ሌላ ምንም እንደማትፈልግ ነገረችን። ክፍል ሐ ተብሎ ይጠለፍ ያለችም ነበረች፤ እታለም ግን ሐ ሆኜ አልተወለድኩም፣ ሐ ሆኜም አልወጣም አለች። ስማችን «ልብስ ሰፊዎች» እንዲሆን ተስማማን።

፪ኛ/ ማስታወቂያዎ የጥልፍ ዋጋ ስንት እንደሆነ ስላልነገረን ራሳችን እንድንማር ስለተዉልንም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጠላፊ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። እታለም አንዱን የሕንፃ ጥበቃ እዚህ አካባቢ ዋጋው የማይጎዳ ጥሩ ጠላፊ የት እንደሚገኝ በትሕትና ብትጠይቀው፣ ከእግር እስከ ራሷ አይቷት፣ «እናቴ፣ ማንን ልታስጠልፊ ነው?» አላት። ሸሚዝ ነው ብትለውም እስክንርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘን።

የመጀመሪያው ጠላፊ ሱቁ መስታወት ነበር፤ እሱ ከመቶ ሸሚዝ በታች ከሆነ ማሽኑን እንደማያስነሳ ነገረን። አሥራ ሁለት ነን ብንለው የጎደሉትን ሰዎች እስክናገኝ ሊጠብቀን ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸልን። ሁለተኛዋ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር አንዲት ማሽን ይዛ የምትሠራ ደግ ሴት ነበረች፤ ዋጋዋም በፊደል ነው። እኛም እዚያው ቆመን ስማችንን እንደ ጨርቅ መቁረጥ ጀመርን። «ልብስ» የሚለውን፣ ልብስ ለብሰን ስለምንገባ ይታወቃል ብለን ጣልነው። «ዎች» የሚለውንም፣ ብዙ መሆናችን በዓይን ይታያል ብለን ጣልነው። የቀረን «ሰፊ» ብቻ ሆነ፤ ሁለት ፊደል። ለአሥራ ሁለት ሰው ሲባዛ ግን ያም ከአቅማችን በላይ ነበር፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከቆመ ወዲህ ኪሳችን ከውስጥ የሚታይ ስፌት ብቻ እንደቀረው እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። ሴትዮዋ ልቧ እየፈለገ እጇ አጠረ፤ ከዚህ በታች ብወርድ ክሩን ራሴ ልበላው ነው ብላ አሰናበተችን። ሦስተኛው በካውያ የሚለጠፍ ፊደል አሳየን፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሚላቀቅ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ብለን ተውነው።

ሰፊዎች ሆናችሁ ለምን በእጃችሁ አልጠለፋችሁትም ሊሉኝ ይችሉ ይሆናል። አይሉኝም እንጂ፤ «በእጅ የተጠለፈ ጥልፍ ወጥነት ስለሚጎድለው ተቀባይነት የለውም» የሚለውን መስመር ማስታወቂያው ውስጥ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ስንት ዓመት በዚሁ እጅ የተሰፋ ልብስ ወጥ ነው እያሉ ሲሸጡ ኖረው፣ ወጥነቱ የሚጠፋው ለራሳችን ስንሰፋ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

፫ኛ/ ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይናችን ወደ ግድግዳው ዞረ። ከክፍል ሐ ግድግዳ ማዶ የጥልፍ ክፍል አለ፤ ባለ ብዙ መርፌው ማሽን ሲሠራ የእኛ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ቁልፎች ይንቀጠቀጣሉ። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የሸሚዙ ዋጋ ከደሞዛችን ታስቦ፣ ክሩን ራሳችን ገዝተን፣ ለመብራቱም የሚታሰበውን ከፍለን ደረታችን ላይ አንዲት ቃል እንዲያስጠልፉልን በጽሑፍ ለመንንዎ። እርስዎም እሺ አሉን። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላልና ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እሺ ያሉን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በኮሪደሩ ላይ እየተራመዱ እሺ አሉን፣ በበሩ ሲወጡ በመኪናዎ መስኮት እሺ አሉን፣ በመጨረሻም ማመልከቻችን ጥግ ላይ «ይፈጸም» ብለው ፈረሙልን። የዚያን ቀን እታለም ማሽኗን ጠርጋ ስትዘጋ ታንጎራጉር ነበር። ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ድምፅዋ መጥፎ ነው፣ ግን ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም።

ጸሐፊዎ ያንን ሁሉ ልመናችንን ለጥልፍ ክፍል ሲያስተላልፉ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ይሆናል፣ በአንድ መስመር አሳጠሩት፦ «ለክፍል ሐ ሸሚዝ፤ ብዛት ዐሥራ ሁለት፤ ሰፊ።»

፬ኛ/ ክቡር ሆይ፣ ትእዛዙ ሳይዛነፍ ተፈጽሟል። ሸሚዞቹ በእርግጥ ሰፊ ነበሩ። የትከሻቸው ስፌት ክርናችን ጋ ይደርሳል፤ ከመካከላችን በቅጥነቷ «መርፌ» የምንላት ልጅ አንዱን ለብሳ ብትዞር ሸሚዙ ዘግይቶ ተከተላት። ደረታቸው ላይ ምንም የለም፤ ነጭ ብቻ። ጥልፉ የት ሄደ ብለን ስንገለባብጥ፣ አንገቱ ውስጥ፣ የልብስ መጠን በሚጻፍባት ጣት በምታህል ጨርቅ ላይ፣ «ሰፊ» ተብሎ በሰማያዊ ክር ተጠልፎ አገኘነው። ጥልፉ ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለዎት። የጥልፍ ክፍሉ ኃላፊ ባየው ቁጥር የሚኮራበት ሥራ ነው፤ እኛም ጥፋት ልናገኝበት አልቻልንም። እታለም ኮሌታውን ከፍታ አየችው፤ ሸሚዙን አጣጥፋ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የሸሚዙ ዋጋ በወሩ መጨረሻ ከደሞዛችን ተቆረጠ። ስለዚህ የማቀርብልዎ ምስጋና ከአንገት በላይ ነው ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ ስማችንን ያስቀመጡት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ነው።

፭ኛ/ ስሕተቱን ልናስረዳ ቢሮዎ ድረስ መጥተን የተደረገልንን አቀባበል መቼም አልረሳውም። ቁጭ በሉ ብለውናል፣ ወንበር ባይኖርም። እታለም ቃሉ ላልቶ እንዲነበብ እንጂ ጠብቆ እንዲነበብ እንዳልነበረ፣ ላልቶ ሲነበብ የሰው ሥራ፣ ጠብቆ ሲነበብ የጨርቅ መጠን እንደሆነ አስረዳችዎ። እርስዎም ወረቀቱን አንስተው ጮክ ብለው አነበቡት፤ አጥብቀው። እንደገና ሞከሩት፤ አሁንም አጥብቀው። ከዚያ በፈገግታ፣ «ሰፊ ጠየቃችሁ፣ ሰፊ ተሰጣችሁ፤ ምን ጎደለባችሁ?» አሉን።

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው በእርስዎ ልፈርድ አልችልም። ፊደሉ ያው አንድ ነው፣ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም አንባቢው ነው። ሰው ደግሞ የሚያነበው አስቀድሞ ልቡ ውስጥ ያለውን ነው፤ በእርስዎ ልብ ውስጥ ሸሚዝ አለ፣ ሸሚዙን የሚሰፋ ሰው የለም። የሌለውን ከየት አምጥተው ያንብቡት? ጥልፉ እንደገና ይሠራልን ስንልዎ ግን ማሽኑ የእንግዶች ስጦታ ላይ ስለሆነ ጊዜ እንደሌለ፣ ለክፍል ሐም ከዚህ በኋላ ወጪ ማውጣት ከመዝጊያ ዕቅዱ ጋር እንደሚጋጭ በትዕግሥት አስረድተውናል።

፮ኛ/ ስለ ጨዋታው ቀን። ተጋጣሚያችን የጽሕፈት ቤቱ ቡድን ነበር፤ ደረታቸው ላይ «ቢሮ» የሚል ወርቃማ ጥልፍ ነበራቸው፣ ወጪውም ለፋብሪካው ገጽታ ግንባታ በሚል መሸፈኑን ሰምተን ተደስተንላቸዋል። በድምፅ ማጉያው የጠሩን «ስም የሌለው ቡድን» ብለው ነው። ልብስ የምንቀይርበት ዕቃ ቤት ውስጥ ሆነን ሰማነው። መርፌ አለቀሰች። እታለም ሸሚዟን አወለቀች፣ ገለበጠችው፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ መልሳ ለበሰችው፤ «ነይ አንብቢኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከማጅራቷ ሥር፣ በሰማያዊ ክር፣ ሰፊ ይላል።

ሁላችንም ገልብጠን ለበስን። ገልብጠው የለበሱት ሸሚዝ ምን እንደሚያሳይ አይተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ስፌቱን ነው የሚያሳየው። የትከሻው፣ የእጅጌው፣ የጎኑ፣ ገዢ የማያየው፣ ለባሽ የማያስበው፣ ግን ልብሱን ልብስ አድርጎ የያዘው መስመር ሁሉ ውጭ ወጣ። ያ የእኛ ሥራ ነው። እንደዚያ ሆነን ሜዳው ላይ ስንሰለፍ እኔ፣ ውሃ ያዧ እንኳ፣ ኮራሁ፤ ይህን ያለ ምንም ማሾፍ ነው የምጽፍልዎ።

ኩራቱ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ቆየ። ዳኛው የሰው ኃይል ኃላፊያችን ነበሩ። ምን ሆናችሁ ሲሉን መርፌ በየዋህነት ገልብጠን ነው አለች፤ ቃሉን እንደ ግልበጣ ሰምተው ወደ እርስዎ ዞር አሉ፣ እርስዎም ወደ እንግዶቹ። ልብስን ገልብጦ መልበስ እንግዳን መናቅ እንደሆነ ተነገረን፤ አስተካክለን እንድንለብስ ጊዜ ተሰጠን። እታለም አንዴ ተስተካክሎ ተለብሷል ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኛም አጠገቧ ተቀመጥን። ጨዋታው ሳይጀመር ተሸነፍን።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ግን ወደ እኛ መጡ። እታለም ተነሣች። የጎኗን ስፌት በጣታቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት፣ ይህን የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እታለም አፏን ስትከፍት እርስዎ ቀደሟት። «አዲሶቹ ማሽኖቻችን ናቸው» አሏቸው። ሸሚዙ ውስጥ ሰው ቆሞ ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ ክንድዎ እየነካት ነበር።

፯ኛ/ ሰባተኛው አቤቱታ የራሴ ነበር፣ ስለዚያች ደቂቃ እኔ ስለ እርስዎ ያሰብኩትን የሚመለከት። ረቂቁን ለእታለም ባነብላት፣ ለልጆችሽ የምታወርሺውን ጨዋነት እዚህ አታባክኚው ብላኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ብቻ ለመታሰቢያ ትቼዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ምንም አልጠብቅም። ጥልፉ አይሠራም፣ ውድድሩ አይደገምም፣ ክፍል ሐ አይከፈትም። ማሽኖቹ በጨርቅ ተሸፍነው ሲወጡ ቆመን አይተናል። መርፌ ሌላ ሥራ ፈልጋ አጥታለች። እታለም ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ሱሪ ታሳጥራለች፤ የሚከፍላትም አለ፣ ነገ እሰጥሻለሁ የሚላትም አለ። ሸሚዙን አልጣለችውም፣ አትለብሰውምም። ባለፈው ስሄድ ሳጥኗ ውስጥ ተጣጥፎ አየሁት፤ ለምን እንዳስቀመጠችው ብጠይቃት ለምንም አለችኝ። እኔም ተስፋ ቆርጫለሁ ስል ለማስተዛዘን አይደለም፤ ልክ እንደ ልብስ መጠን፣ ቢያውቁት ብዬ ነው።

ይልቅ አንድ ትንሽ ውለታ ብለምንዎ አያስቸግርም ብዬ አምናለሁ፤ ክርም ማሽንም በጀትም አይጠይቅም። ቢሮዎ ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ፣ በሩን ዘግተው፣ ያቺን ሁለት ፊደል አንድ ጊዜ አላልተው ያንብቧት። ካቃተዎት ግድ የለም፤ ለሌላ ሰው አልነግርም።

ዕድሜና ሹመት ይጨመርልዎ፤ ወንበርዎ ይዙርልዎ፤ የለበሱት ሁሉ ይመርብዎ፣ ማን እንደሰፋውም ማወቅ አያስጨንቅዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ በረጅም ትዕግሥት እና በሰፊ (እንደ ልማድዎ ያንብቡት) ትሕትና፣

ቁልፍ ተካይዋ
የቀድሞው ክፍል ሐ፣ የ«ስም የሌለው ቡድን» ተጠባባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ከእታለም ጋር ወደ ፋብሪካው ስመጣ፣ በአዳራሻችን ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ እንኳ በሚነበብ ቀይ ቀለም፣ «ሰፊ አዳራሽ ይከራያል» ተብሎ ተጽፎ አየን። ስማችንን በነፃ፣ ያውም ሰው በሚያህል ፊደል ስላስጻፉልን እግዜር ይስጥልን። እታለም መንገዱ ላይ ቆማ አላልታ አነበበችው፤ ከዚያ ከፊቱ «የ» ብቻ ናት የጎደለችው አለችኝና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።